የዕቁብ ብር ደርሶኛል፣ ሱቁም ደውሏል፦ ሰብማሪነሯን ልውሰድ ወይስ ልለፋት?

ሌሊት ተረኛ (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

ሰላም ለሁላችሁ። ለረጅም ጊዜ እያነበብኩ ዝም ያልኩ ሰው ነኝ፤ ዛሬ ግን ምክር ፈልጌ ገባሁ። ሥራዬ ሆስፒታል ነው፣ የሌሊት ፈረቃ። የዛሬ ሁለት ዓመት እዚህ አካባቢ አንድ ሱቅ ሄጄ የሮሌክስ ሰብማሪነር ሰዓት፣ ቀን የማታሳየዋን ጥቁሯን፣ ፈልጌ ስሜን አስመዝግቤ ነበር። ረስተውኛል ብዬ ተስፋ ከቆረጥኩ በኋላ ማክሰኞ ዕለት ደወሉልኝ። «መጥታለች፣ እስከ ቅዳሜ እንይዝልሃለን» አሉ። ከታክሱ ጋር ከ10 ሺህ ዶላር ትንሽ ከፍ ትላለች።

አጋጣሚ ሆኖ ባለፈው ወር ዕቁብ ወጥቶልኛል። 12 ሰዎች ነን፣ በወር አንድ አንድ ሺህ እንጥላለን። ብሩ እጄ ላይ ነው፤ ገና የአምስት ወር መክፈል ግን ይቀረኛል።

የሥራ ጓደኞቼ «ይሄ ሰዓት አይደለም፣ ባንክ ነው፤ ዛሬ አድርገህ ነገ በ15 ሺህ ትሸጠዋለህ» ይሉኛል። ባለቤቴ ደግሞ «ደስ ካለህ ግዛ፣ ግን ኢንቨስትመንት ነው አትበለኝ» አለች። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ አንዲት ሲኮ ፋይቭ ነበረችው፤ አሁን አዲስ አበባ ወንድሜ ጋ መሳቢያ ውስጥ ቆማ ተቀምጣለች። እኔም ለልጄ የማወርሳት አንዲት ደህና ሰዓት እንድትኖረኝ እፈልጋለሁ። የምታውቁ እስቲ ንገሩኝ፤ ዋጋው እውነት እንደሚሉት ነው? በዚህ ገንዘብ ሌላ ምን ይገኛል?

ቦሌ 22

ሁለት ዓመት ጠብቀህማ እንዳትለቃት! ወረፋው ላይ ስንቱ ነው ስልክ የሚጠብቀው። ውሰዳት፣ ይመችህ።

ደይራ (ዱባይ)

ወንድሜ፣ እኔ እዚህ ያገለገሉ ሰዓቶች በሚሸጥበት ሱቅ ከተቀጠርኩ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ስለ ዋጋው የማውቀውን ልንገርህ።

ጓደኞችህ የሚያወሩት የ2022ን ወሬ ነው (ሁሉንም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። በ2020 ኮሮና ሲመጣ ሮሌክስ ሳይቀር ፋብሪካውን ዘጋ። ሰው ቤቱ ተቀምጦ ገንዘቡ አልጠፋም፣ ወለድ ወደ ዜሮ ወርዷል፣ በክሪፕቶ ያተረፈውም ብዙ ነው። ያ ሁሉ ገንዘብ ሰዓት ላይ አረፈ። የፓቴክ ፊሊፕ ናውቲለስ 5711ን አስታውሳለሁ። የሱቅ ዋጋዋ ወደ 35 ሺህ ዶላር ነበር፤ በ2021 መጀመሪያ ኩባንያው ማምረት አቆማለሁ አለ፣ በዓመቱ ገበያ ላይ ከ150 ሺህ በላይ ትጠራ ጀመር። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ቲፋኒ ለሚባለው የጌጣጌጥ ቤት ከተሠሩት 170 ባለ ሰማያዊ ፊቶች አንዷ ኒው ዮርክ ፊሊፕስ ጨረታ ላይ ወጥታ 6.5 ሚሊዮን ዶላር አወጣች። ከዚያ ወዲያ ሱቃችን የሚገባው ሁሉ ሰዓት ሳይሆን ትርፍ ብቻ የሚፈልግ ሆነ። መስታወቱ ላይ የተለጠፈውን ላስቲክ እንኳ ሳይልጡ ነበር አየር በአየር የሚያሻሽጡት።

ጣሪያው የተነካው ማርች 2022 አካባቢ ነው። አሜሪካ ወለድ መጨመር የጀመረችው በዚያው ወር ነበር፤ ክሪፕቶም ወደቀ። ከዚያ ሁለት ዓመት ሙሉ ቁልቁል ነው። በ40ዎቹ ሺህ የተሸጡ የሮሌክስ ዴይቶናዎች በ20ዎቹ ውስጥ ሲመለሱ በዓይኔ አይቻለሁ። በ2025 ገበያው ረጋ ብሏል፤ ግን የረጋበት ምክንያት ሌላ ነው። አሜሪካ በነሐሴ የስዊስ ዕቃ ላይ 39 በመቶ ቀረጥ ጣለች፣ በኅዳር ወደ 15 ለማውረድ ተስማሙ፤ ወርቁም አንዱ አውንስ ከ4 ሺህ ዶላር አልፎ ሄደ። አዲሱ ሲወደድ አሮጌው ይደገፋል። ያንተን ብረቷን ሰብማሪነር የሚመለከተው ግን ይሄ ቀጥሎ ያለው ነው።

ኢንተርኔት ላይ የምታየው 12 ሺህ ሻጩ የጠራው ዋጋ ነው። አንተ ይዘህ እኔ ሱቅ ብትመጣ 12 አልሰጥህም። ሳጥኗና ካርዷ ተሟልቶ፣ ጭረት ሳይኖራት፣ 10 ወይ 10 ተኩል እልሃለሁ፤ የሱቅ ኪራይ አለ፣ ዋስትና አለ፣ ደሞዝ አለ። አንተ ከነታክሱ 10 ሺህ ከከፈልክ ትርፉ የታለ? በዚያ ላይ እነዚያ የሸጡልህ ሰዎች ከወር በኋላ ገበያ ላይ ካዩዋት ስምህን ከመዝገባቸው ይሰርዙታል።

ልታደርጋት ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው። ከሰብማሪነር ያነሰ የሚያስቸግር ሰዓት አላየሁም። የአምስት ዓመት ዋስትና አላት፣ በአሥር ዓመት አንዴ ታሳድሳታለህ፣ በፈለግህበት ከተማ በአንድ ቀን ትሸጣታለህ። ይሄን የሚያህል ሰዓት ጥቂት ነው። እኔ የምልህ፣ አድርጋት፤ የምትመለስ ገንዘብ ናት ብለህ ግን አትቁጠራት።

አትላንታ ሹፌር

ደይራ የጻፈውን አንብቤ ልቤ ተነካ፤ ከእነዚያ ዴይቶናዎች አንዷ የእኔ ነበረች።

ማርች 2022፣ ነጭ ፊት፣ ሞዴል 116500። አንድ አሻሻጭ በ43 ሺህ አመጣልኝ። የሱቅ ዋጋዋ 15 ሺህ እንደማይሞላ አውቃለሁ፤ ግን በየሳምንቱ ሲጨምር አይቼ «በ60 እለቃታለሁ» ብዬ ነበር። ግማሹን ከቁጠባዬ፣ ግማሹን በክሬዲት ካርድ። አንድም ቀን እጄ ላይ አላሰርኳትም፤ ጭረት እንዳይነካት ፈርቼ በሳጥኗ ቁም ሳጥን ውስጥ ከልብስ ሥር ነበረች። ባለቤቴ አታውቅም ነበር። ዋጋው መውረድ ሲጀምር «ይመለሳል» እያልኩ በወለድ ላይ ወለድ ከፈልኩ። በሚቀጥለው ዓመት ሰኔ ላይ በ26 ሺህ ሸጥኳት። ያመጣልኝ ሰው ስልክ አያነሳም።

17 ሺህ ዶላር ነው። ስንት ሌሊት ኤርፖርት ቆሜ ያጠራቀምኩት። ከገንዘቡ ይልቅ ግን ለባለቤቴ የነገርኩበት ማታ ነው የማይረሳኝ።

ወንድሜ፣ ያንተ እንደ እኔ አይደለም፤ በሱቅ ዋጋ ነው የምትገዛው። ግን የዕቁቡ አምስት ወር ቀርቶኛል ስትል ደነገጥኩ። ያ ብር ግማሹ ገና ያልሠራኸው ነው።

ሌሊት ተረኛ

አትላንታ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ይህን መጻፍ ቀላል አይደለም። አዎ፣ ዕቁቡ ያንገበግበኛል። ደይራ፣ 12 እና 10 ያልከው በትክክል ገብቶኛል፤ እስከ ዛሬ ማንም እንዲህ ለይቶ አልነገረኝም።

ሴይኮ ወዳጅ (ሚኒሶታ)

ስለ ሌላ አማራጭ ጠይቀሃል፤ ማንም ስላልመለሰልህ እኔ ልሞክር። ሃያ የሚያህሉ ሰዓቶች በእጄ አልፈዋል፤ ሮሌክስ ሁለቴ ገዝቼ ሁለቴ ሸጫለሁ።

የሰብማሪነሯን መልክና ጥንካሬ ከወደድክ መጀመሪያ ቱዶርን እያት። ሮሌክስን የመሠረተው ሐንስ ዊልስዶርፍ ራሱ በ1926 ያቋቋመው ነው፤ ዓላማውም የሮሌክስ ጥራት ያለው፣ ዋጋው ግን ሰው የሚደርስበት ሰዓት መሥራት ነበር። ብላክ ቤይ 58 የምትባለዋ በ2018 ወጣች፤ ስፋቷ 39 ሚሊ ሜትር ነው፣ ለቀጭን እጅ የተመቸች። አንዴ ከተሞላች 70 ሰዓት ትሄዳለች፤ ዓርብ አውልቀህ ሰኞ ጠዋት ስታነሳት እየሠራች ታገኛታለህ። አዲሷ ከ4 ሺህ ትንሽ ትዘላለች። አንድ ሰው ስድስት ወር አድርጓት የሸጣትን ግን 3 ሺህ ገደማ ታገኛለህ፤ ልዩነቱን የመጀመሪያው ገዥ ከፍሎልሃል ማለት ነው። ሮሌክስ ላይ ሁለተኛው ገዥ ይጎዳል፣ ቱዶር ላይ የመጀመሪያው። ሰው ይሄን እንደ ጉድለት ያወራዋል፤ ለማድረግ ለሚገዛ ግን በረከት ነው።

ከዚያ በታች ደግሞ ሴይኮ አለ፣ እኛ ሲኮ የምንለው፤ እዚህ ላይ ብዙ ባወራ ይቅር በሉኝ። ጃፓን የመጀመሪያዋን የጠላቂ ሰዓት የሠራችው በ1965 ነው፤ የእሷን መልክ ይዛ በ2020 የወጣችው SPB143፣ በእኛ አነጋገር «ግራጫዋ ፕሮስፔክስ» የምንላት፣ 1,200 ዶላር አካባቢ ነበረች። 200 ሜትር ውኃ ትችላለች። ለሆስፒታል፣ እጅ በቀን ሠላሳ ጊዜ ለሚታጠብበት ሥራ፣ ከዚህ በላይ አያስፈልግም። ቲሶ ፒ አር ኤክስ ደግሞ 700 ዶላር አካባቢ ነው፤ 80 ሰዓት ይሄዳል፣ ለግብዣም ያምራል፣ ግን ጭረት ይወዳል።

ርካሹም ቢሆን ዋጋው ይዘላል። ኤስ ኬ ኤክስ 007 የሚባለውን ሴይኮ ከ1996 ጀምሮ ከ200 ዶላር በታች እየገዛን ለወንድም ለእህት ልጅ እንሰጥ ነበር። በ2019 ማምረት ሲቆም እነዚያው ሰዓቶች በእጥፍ ይጠሩ ጀመር። ሰዓቱ ያው ነው፤ አንድ ጥርስ አልተጨመረበትም።

የእኛ ሰው ሴይኮን ለምን እንደሚወድ ሳስብ ደግሞ አበበ ቢቂላ ይመጣብኛል። ሮም 1960 በባዶ እግሩ ሲያሸንፍ የኦሎምፒኩ ሰዓት ቆጣሪ ኦሜጋ ነበር። ቶኪዮ 1964 ላይ ደግሞ ሴይኮ። እዚያ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሴኮንድ ገብቶ ሣሩ ላይ ሰውነቱን ሲያፍታታ፣ ተከታዩ ገና ስታዲየም አልደረሰም ነበር።

ሌሊት ተረኛ

ይሄንን ሁሉ ስለጻፍክልኝ አመሰግናለሁ። አንድ ጥያቄ፦ እናቴን የምደውልላት ከሥራ ስወጣ ነው፤ ሁሌ ሰዓቷን በጣቴ ነው የምቆጥረው። የሁለት አገር ሰዓት የሚያሳዩት፣ ጂ ኤም ቲ የሚባሉት፣ ለእኛ አቆጣጠር ይሆናሉ?

ሴይኮ ወዳጅ (ሚኒሶታ)

ይሆናሉ፤ ሴይኮ ፋይቭ ጂ ኤም ቲ በ2022 ሲወጣ ከ500 ዶላር በታች ነበር። ግን አንተ አያስፈልግህም። ማንኛዋም የጠላቂ ሰዓት ዙሪያዋ የሚዞር ቀለበት አላት፣ እሱ ይበቃሃል።

እናንተ ጋ ሰዓት ወደፊት በሚገፋበት ጊዜ አዲስ አበባ 7 ሰዓት ትቀድማለች። የእኛ አቆጣጠር ደግሞ ከፈረንጁ 6 ይቀንሳል። በሰዓቷ ፊት ላይ የሚቀርህ ልዩነት አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ ቀለበቱን ወደ ግራ አዙረህ ሦስት ማዕዘኗን 11 ላይ አቁማት። ጠዋት 8 ሰዓት ከሥራ ስትወጣ አጭሩ ቀስት 8 ላይ ነው፤ ከበላዩ ቀለበቱ ላይ በ40 እና በ50 መሃል ያለውን የ45 ምልክት ታገኛለህ። 45 የ9 ቦታ ነው። እናትህ ጋ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው፣ ቡናውም አልቀረበም። በኖቬምበር ሰዓቱ ወደ ኋላ ሲመለስ ሦስት ማዕዘኗን ወደ 10 አምጣት። እኔ ሚኒሶታ 10 ላይና 9 ላይ ነው የማደርጋት። አሥራ አምስት ዓመት እንዲህ ነው እናቴ ጋ የምደውለው።

ቦሌ 22

ይሄንን ሳላውቅ ነው እስከ ዛሬ የኖርኩት! አሁን አዙሬ አየሁት፣ ልክ ነው።

ፍራንክፈርት እናት

እኔ ስለ ሰዓት ብዙ አላውቅም፣ ግን የደረሰብኝን ልጻፍ፤ ለሌላ ሰው ይጠቅም ይሆናል። አባቴ የወርቅ ኦሜጋ ኮንስቴሌሽን ነበራቸው፣ ፊቷ ወደ ጫፉ እንደ ሳህን ዝቅ የሚል፣ ዕድሜ ብዛት ትንሽ ወደ ቡና ቀለም የሄደባት። ሲያርፉ ለእኔ ደረሰችኝ። ለወንድሜ ሠርግ ላድሳት ብዬ እዚህ ለአንድ ሰዓት ቤት ሰጠሁ። ሲመልሱልኝ እንደ መስታወት ታበራለች። ፊቷን አዲስ ቀለም ቀብተውታል፣ ጠርዞቿን ሞርደው አለስልሰዋታል። እኔ ደስ ብሎኝ ከፍዬ ወጣሁ።

ከዓመት በኋላ የጨረታ ባለሙያ ዘንድ ለግምት ወሰድኳት። አጉልቶ አየና ዝም አለ፤ ከዚያ «ሳትነካ ብትመጪ ኖሮ እጥፍ ነበር» አለኝ። እኔን ያስለቀሰኝ ግን ዋጋው አይደለም። ያቺ የቡና ቀለም አባቴ ያደረጓት ዓመታት ነበሩ፤ ከእነሱ ጋር ሄደች።

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የነበረቻቸው ፓቴክ ፊሊፕ 2497 ትዝ ትለኛለች። በ2015 ጄኔቫ ክሪስቲስ የሚባለው ጨረታ ቤት ሊሸጣት አውጥቶ ክርክር ተነሥቶ አነሳት፤ በ2017 ተመልሳ ወጥታ ወደ 2.9 ሚሊዮን የስዊስ ፍራንክ ተሸጠች። ያ ሁሉ ገንዘብ የወርቁ አይደለም፤ የማን እጅ ላይ እንደነበረች ነው። የእኔ አባት ንጉሥ አልነበሩም፤ ለእኔ ግን ያው ነው። ስለዚህ ወንድሜ፣ የአባትህን ሲኮ ለማንም «አሳምርልኝ» ብለህ እንዳትሰጥ።

ካቻቢቴ (አዲስ አበባ)

እህቴ የጻፉት ልክ ነው፣ በጣም አዝናለሁ። እኔ ሰዓት ሠሪ ነኝ። ፒያሳ ነበርኩ፣ አሁን ሜክሲኮ አካባቢ ነኝ። ከአባቴ የተማርኩት ሥራ ነው። «ፊቱን አሳምርልኝ» የሚለኝን ሰው ሁልጊዜ «ውስጡን ላጽዳልህ፣ ፊቱን ተወው» እለዋለሁ። ደንበኛ ይቆጣል። አንዳንዱ ዞሮ ይሄዳል።

ሌሊት ተረኛ፣ ልጄ፣ ስለ ሰብማሪነሯ ሁለት ነገር ልበል። ከሱቁ ከገዛሃት ጥሩ ነው። ከእጅ ግን እንዳትገዛ፣ ቢረክስም። እዚህ በሳምንት ሁለት ሦስት ሮሌክስ ይመጣልኛል፤ ከውጭ በስጦታ የመጣ፣ ለሙሽራ የተሰጠ። ሰው ሁሉ «ሴኮንዷ አትዘልም፣ ኦርጅናል ናት» ይለኛል። ያ ድሮ ቀረ። ኦርጅናሏ በሴኮንድ 8 ጊዜ ትመታለች፣ የዛሬ ፎርጅዱም 8 ይመታል። ክብደቱም፣ ቁጥሩም፣ ካርዱም አለው። ጀርባውን ከፍቼ ማሽኑን ሳላይ አፌን ሞልቼ አልናገርም። ባለፈው አንዲት እናት ልጃቸው የላከላቸውን ይዘው መጡ። ከፈትኳት፤ ውስጧ የቻይና ማሽን ነው። ልጁም ተታሎ ነው የገዛው። እሳቸው «ትሠራለች?» አሉኝ። «በደንብ ትሠራለች» አልኳቸው፣ ትሠራለችና።

ስለ ሲኮዋ ደግሞ፦ ቆማለች ማለት ሞታለች ማለት አይደለም። የዚያን ዘመን ሲኮ ፋይቭ ብዙዎቹ ዘይታቸው ደርቆ ነው የሚቆሙት። በእጅ አይሞሉም፣ እጅህ ሲወዛወዝ ነው ሞላው የሚጠመጠመው፤ መሳቢያ ውስጥ ከተኛችማ በምን ትሂድ። ወንድምህ ያምጣልኝ። ፊቷን አልነካም።

ሌሊት ተረኛ

ጋሼ፣ እግዜር ያክብርልኝ። ወንድሜን ዛሬውኑ እልከዋለሁ።

ቅዳሜ ሱቁ ሄጄ ነበር። አወጡልኝ፣ አሰርኳት። እጄ ላይ ስታርፍ የምትሰማው ነገር አለ፣ አልዋሽም፤ ማሰሪያዋ ሲዘጋ የምታሰማው ድምፅ እንኳ ሌላ ነው። ለአሥር ደቂቃ ያህል ይዣት ቆምኩ። ከዚያ ዕቁቡ ላይ የቀሩኝን አምስት ሺህ አሰብኩ፣ አትላንታ ወንድሜንም አሰብኩ። «ለሚቀጥለው ሰው ስጡ» ብዬ ወጣሁ። ሻጩ ገርሞት «እርግጠኛ ነህ?» አለኝ። አልነበርኩም። መኪና ውስጥ ገብቼም ትንሽ ተቀመጥኩ።

ትናንት ያገለገለች ብላክ ቤይ 58 በ2,900 ገዛሁ፣ ሳጥንና ካርዷ ሙሉ ነው። ሦስት ማዕዘኗ 11 ላይ ናት።

ደይራ (ዱባይ)

መልካም አድርገሃል። ካርዷ ላይ ያለው ቁጥርና ሰዓቷ ላይ ያለው አንድ መሆኑን አይተሃል? ካላየህ ዛሬ እይ።

ሌሊት ተረኛ

አይቻለሁ፣ አንድ ናቸው። ስላስታወስከኝ አመሰግናለሁ።

ካቻቢቴ (አዲስ አበባ)

ሦስት ሳምንት ስላዘገየሁ ይቅርታ፣ መብራት እየጠፋ ነው። የአባትህ ሲኮ ዛሬ ተነሣች።

6119 ማሽን ናት። የጀርባዋ ቁጥር በ38 ይጀምራል፤ የ1973 ነሐሴ ናት ማለት ነው፣ በፈረንጅ። ዘይቷ ጠጥሮ እንደ ሙጫ ሆኖ ነበር። ጥርሶቹን አንድ በአንድ በወረንጦ አውጥቼ አጠብኳቸው፣ አንድም የተበላ የለም። ጎማዋን ቀየርኩ። መስታወቷ ጭረት አለው፣ ተውኩት። ከትናንት ጠዋት ጀምሮ ስከታተላት በቀን 20 ሴኮንድ ትቀድማለች፤ ለዚህ ዕድሜ መልካም ነው።

ጀርባዋን ስከፍት ውስጡ ላይ በመርፌ የተጫረ ጽሑፍ አገኘሁ። እኛ ሰዓት ሠሪዎች ስናድስ ቀኑን እንጭራለን፣ የሚቀጥለው እንዲያውቅ። «12/3/71» ይላል፣ በእኛ አቆጣጠር። ከሥሩ አንዲት «ተ» አለች። ማን እንደሆነ አላወቅሁትም፤ እጁ ግን ንጹሕ ነው፣ አንድም ብሎን አላበላሸም። የዛሬውን ቀን ከእሱ ጎን ጭሬ ዘጋሁት። ወንድምህ ነገ ከሰዓት ይመጣል ብሏል፤ ፎቶውን በእሱ ስልክ እልክልሃለሁ።